ቀድሞ የታጠበ እግር

የሺሃረግ በምትጸልይበት ቤተክርስቲያን፣ ከጌታ እራት በፊት ምዕመናን እርስ በርስ እግር ይተጣጠባሉ። ሴቶች ከሴቶች፣ ወንዶች ከወንዶች ጋር ሆነው አንዱ ተንበርክኮ የሌላውን እግር ሳፋ ውስጥ ያጥባል፣ በፎጣም ያደርቃል። ትሕትናን የሚያስተምር መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን የዲላ ቀይ አፈር ከተረከዝ በቀላሉ አይለቅምና፣ ሰው እንዳያፍር እግሩን በዋዜማው ቤቱ በድንጋይ ፈትጎ፣ ቫዝሊን ቀብቶ ይመጣል። ለእጥበት የሚቀርበው ቀድሞ የታጠበ እግር ነው። እግሩ ላይ ቁስል ያለበት ደግሞ ያን ቀን ከነጭራሹ አይመጣም።

የየሺሃረግ ባል መምህር ታሪኩም አንድ ጊዜ ቀርቶ ነበር። «ብርድ ይዞኛል» አለ። ስኳር በሽታ እንዳለበት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሸሸገው እግሩን ነው። ከጫማው ውስጥ ብቅ ያለች ሚስማር ስትወጋው ከርማ፣ በሽታው እግሩን ስላደነዘዘው አልተሰማውም። ቁስሉን ባየ ጊዜ ግን አፈረ። ሚስቱ ነርስ ሆና ሳለ፣ ካልሲውን ሳያወልቅ አጠገቧ ይተኛ ነበር። ሽታው ሲያጋልጠው ጊዜው አልፏል። እግሩ ተቆረጠ፤ እሱም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

ከቀብሩ በኋላ የሺሃረግ ጥቁሯን ለብሳ ወደ ጤና ጣቢያው ሥራዋ ተመለሰች። ስለ እግሩ ለማንም አላወራችም። የባሏ ታላቅ እህት ገበያነሽ እንኳ ወንድሟን ስኳር እንደገደለው እንጂ ከየት እንደጀመረ አታውቅም።

ገበያነሽ ለእጥበቱ እሑድ ከምትኖርበት ከፍስሐ ገነት ቅዳሜ መጥታ የሺሃረግ ቤት አረፈች። ማታ እራት ላይ እያሉ የየሺሃረግ ስልክ ጮኸ። ደዋዩ የሥራ ባልደረባዋ አማኑ ነው።

«እህት የሺ፣ ያ የእግር ሕክምና ሥልጠና ምዝገባው አልፏል ብዬሽ አልነበር? ቦታው ስላልሞላ እስከ ሰኞ ይቀበላሉ።»

«እሱ ለናንተ ለልጆቹ ነው፣ አማኑ። እኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው።»

«እንዲያውም እናታችን መጣች ብለው የፊት ወንበር ይለቁልሻል! እስከ ሰኞ አስቢበት።»

ስልኩን ስታስቀምጥ ገበያነሽ ትክ ብላ ታያት ነበር።

«የምን ሥልጠና ነው?»

«የእግር ሕክምና ነው፣ እትዬ። አዲስ አበባ፣ አንድ ዓመት። ስኳር ያለባቸውን ሰዎች እግር መመርመር፣ ቁስላቸውን ማከም...»

ገበያነሽ ሳቀች። «መርፌ መውጋቱስ እሺ። አሁን በስተርጅና የሰው ተረከዝ ልትፍቂ አዲስ አበባ ድረስ?» ከዚያ ሳቋን ዋጠች። «ደግሞስ የወንድሜ ዓመት ሳይሞላ ሻንጣ ይዘሽ ስትወጪ ሰው ምን ይላል? ድሮም ልቧ እዚህ አልነበረም ነው የሚልሽ።»

የሺሃረግ ሳህኖቹን አነሳች። እያጠበችም ለአማኑ «ይቅርብኝ» የምትልበትን ቃል ማዘጋጀት ጀመረች።

እሑድ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ስትወጣ ገበያነሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላለች።

«አንቺ ሂጂ። እኔ ብርድ ይዞኛል።»

የሺሃረግ በሩ ላይ ቆመች። ያው የታሪኩ ቃል፣ እሱም የተቀመጠበት ያው የአልጋ ጠርዝ። ፀሐዩ ከማለዳው ከርሯል፤ የገበያነሽ እግር ግን በወፍራም የሱፍ ካልሲ ተሸፍኗል።

«እትዬ፣ ካልሲዎን ያውልቁ።»

«ምን ሆንሽ፣ ልጄ? ይረፍድብሻል!»

«ይርፈድ።»

ነጠላዋን ጥላ ተንበረከከች። ካልሲው በግድ ለቀቀ። ከትንሿ ጣት ሥር፣ በቡና ዱቄት የተጠቀጠቀ ጥቁር ቁስል ነበር። ቡና ስትለቅም እንጨት በፕላስቲክ ጫማዋ አልፎ ወግቷት፣ ደሙን ለማቆም ዱቄት ነሰነሰችበት፤ በየቀኑም ጨመረችበት። የሺሃረግ ሽታውን አወቀችው።

«ያምዎታል?»

«ኧረ ምንም! ባያመኝ አይደል ዝም ያልኩት።»

«ክፉው እሱ ነው፣ እትዬ። ታሪኩንም አላመመውም ነበር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተንበርክካ እንዳለች፣ ስለ ሚስማሩና ስለ ካልሲው ነገረቻት። ገበያነሽ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

«ይህን ሁሉ እያወቅሽ እንዴት ዝም አልሽኝ?»

«እርስዎስ፣ እኔ ቤት አድረው፣ እንዴት ዝም አሉኝ?»

ከደጅ ባጃጅ ጠርተው ሆስፒታል ሄዱ። በወንድሟ ሞት ያለቀሰችው ገበያነሽ ስኳሯን አንድም ቀን ተለክታ አታውቅም ነበር፤ ከፍ ብሎ ተገኘ። በማግስቱ ጠዋት ትንሿ ጣቷ ተቆረጠች። እግሯ ግን ተረፈ።

ከቀዶ ሕክምናው ወጥታ ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው ቀኑን ነው።

«ሰኞ ነው አይደል? ለዚያ ልጅ ደውዪለት።»

«እትዬ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው እያልኩ የማወራው እኔው ነኝ» አለች ገበያነሽ ዓይኗን ጨፍና። «ደውዪ።»

የሺሃረግ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ደወለች።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትዎ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ማታ ማታ የውስጥ እግሩን ይዩለት። «አላመመኝም» ሲልዎ አይመኑት፤ ካልሲውን ያስወልቁት። እርስዎም ለማወቅ የሚያስችል ዕድል ዘግይቶ ቢመጣ፣ ዘገየ ብለው በሩን አይዝጉበት።

የሺሃረግ ተምራ በተመለሰችበት ዓመት፣ በእሷ ምክር የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌዎች «ቁስል ያለበት አይቅር፤ እሱ ይቅደም» ብለው አወጁ። በእጥበቱ ቀን ሴቶቹ እርስ በርስ እየተያዩ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ገበያነሽ ወደ ፊት ወጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ካልሲዋን አወለቀች፣ አራት ጣት የቀረውን እግሯን ሁሉም እያየ ዘረጋች። የፍስሐ ገነት አፈር ገና አልለቀቀውም።

«ነይ፣ የሺ» አለች። «ቤት አልታጠብኩም።»