ቀዩ ላይ ደርሷል

«ቀዩ ላይ ደርሷል» አለች ዘይና። «ጓድ በላይ፣ ማቆም አለብን።»

የዘመቻው ኃላፊ ጓድ በላይ ዞር ብሎ እንኳን አላያትም። ቦዩ ዳር ቆሞ ገና ያልተቆፈረውን ጥግ ለልጆቹ በጣቱ ያሳያል። ግንቦት ነበር። ከከሚሴ የመጡት የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ጨፋ ሜዳ ላይ ለገበሬዎች አምራቾች ማኅበር የመስኖ ቦይ ይቆፍራሉ። ሌሊት ዝናብ ጥሎ ስላደረ ረግረጉ በእንፋሎት ታፍኗል፤ ነፋስ የሚባል የለም። ላብ ከልጆቹ ፊት ይወርዳል እንጂ አይደርቅም።

ዘይና አካፋ አልያዘችም። የሳይንስ መምህሯ ባንተይርጋ የሰጧት ሥራ ሌላ ነው። ቦዩ አጠገብ ካለው ግራር ግንድ ላይ ሁለት ቴርሞሜትሮች ጣውላ ላይ ታስረው ተሰቅለዋል፤ የአንደኛው ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ከሥራቸው መምህሩ በሦስት ቀለም የሠሩት የካርቶን ሠንጠረዥ አለ። የሁለቱን ቁጥር አንብባ የሚገናኙበትን ቀለም ታያለች። አረንጓዴ ከሆነ ይቆፈራል፤ ቢጫ ከሆነ በየመሀሉ ይታረፋል፤ ቀይ ከሆነ ሥራው ይቆማል።

«ይኼ ስንት ዲግሪ እንደሞቀ ብቻ የሚነግርሽ አይደለም» ብለዋት ነበር መምህሩ። «ሰው ሳይወድቅ፣ ሊወድቅ መሆኑን ነው የሚነግርሽ። የእርጥቡ ቴርሞሜትር ቁጥር ወደ ደረቁ እየተጠጋ ሲመጣ ላብ መትነን ያቅተዋል። ያኔ ሰውነት የሚበርድበት መንገድ የለውም።»

ዘይና ቀረብ አለች። «ጓድ በላይ፣ ቀይ ነው እኮ።»

«ሰምቻለሁ። ነገ ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ፤ ቦዩ ወንዙ ጋ መድረስ አለበት። ገበሬው በዚህ ፀሐይ ስንት ዘመን ሲሠራ ኖሯል፤ ማን ቴርሞሜትር ያዘለት?»

«ገበሬውማ አሁን ጥላ ሥር ነው ያለው።»

አጠገቧ የነበሩ ልጆች ሳቁ። በላይ አልሳቀም። «ሂጂ ቁጭ በይ። ስትጠሪ ትመጫለሽ» አላት።

ሄዳ ቁጭ አለች። ዓይኗን ግን ቦዩ ውስጥ ካለችው ከአሻ ላይ አላነሳችም። አሻ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ናት። ጠዋት ወንዶቹን «አቦ፣ እናንተ ስትቆፍሩ ክረምት ይገባል» እያለች ስትፎግር፣ በቁፋሮም ስትቀድማቸው ነበር። አሁን ዝም ብላለች። አካፋዋን የምታሳርፈው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ አፈሩ አይነሳም።

«አሻ!» ብላ ተጣራች ዘይና።

አሻ ቀና አለች። ያየቻት አትመስልም። «ቢሻን» አለች፣ ውኃ ማለቷ ነው። ቀጥላ «እማዬ፣ በሩን ዝጊው» አለችና በጉልበቷ ተንበረከከች፤ ከዚያ በግንባሯ ጭቃው ላይ ወደቀች።

ዘይና ስታቅፋት ገላዋ እንደ ምድጃ ይፋጃል። አብሯት ከሚማረው ከቃሲም ጋር ሆነው ጎትተው ጥላ ሥር አስተኟት፤ ያለውን ውኃ ሁሉ አፈሰሱባት፤ በነጠላ አራገቡላት። ዓይኗ ተገልጧል፣ ግን አታይም። የማኅበሩ ትራክተር ጋሪ ላይ ጭነው ወደ ከሚሴ ሲወስዷት፣ ከኋላ የበላይ ድምፅ ይሰማ ነበር፦ «ሌሎቻችሁ ወደ ሥራችሁ!»

ከሰዓት በኋላ ዘይናም ከሚሴ ጤና ጣቢያ ደረሰች። አሻ ግሉኮስ ተተክሎላት ተኝታለች። ነርሷ «ትተርፋለች፣ ኢንሻ አላህ፤ ኩላሊቷን ግን ማየት አለብን» አለች። የአሻ እናት ዓዲላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የልጇን እግር ይዛለች።

«ዘይናዬ» አለች፣ «ታማ ነው የመጣችው አሉኝ። እኔ እናቷ እንዴት አላየሁትም? ጠዋት ቁርሷን በልታ፣ ስቃ ነው የወጣችው። አሞኛል ብላሽ ነበር?»

«ማን ነው ታማ ነው ያለዎት?»

«ኃላፊው። እናት ሆነሽ የታመመች ልጅ ትልኪያለሽ ብሎ ተቆጣኝ።»

«አላለችኝም» አለች ዘይና። ልጇን በሙቀት ጥለው እናቲቱን ተቆጧት። ውጪ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

መምህር ባንተይርጋ እዚያው ግቢ ውስጥ አገኟት። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ነገ እንግዶቹ ቢጠይቁሽ» አሉ ዝግ ብለው፣ «ቴርሞሜትሩ ጠዋት ስለተሰበረ አላነበብኩም በይ።»

«አልተሰበረም፣ ቲቸር።»

መምህሩ ከኮታቸው ኪስ በመሀረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው አሳዩዋት። እርጥብ ጨርቁ አሁንም አለ፤ ብርጭቆው ግን ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

«አሁን ተሰብሯል» አሉ።

«እርስዎ ነዎት የሰበሩት?»

«የስምንተኛ ክፍል ፈተናሽ ደርሷል፤ ማን ይቀመጥ፣ ማን አይቀመጥ የሚለው በእነማን በኩል እንደሚያልፍ ታውቂያለሽ። እኔም ልጆች አሉኝ። አሻ ተርፋለች። ተይው።»

«እናቷስ?» አለች ዘይና። መምህሩ መሀረቡን ጠቅልለው ወደ ኪሳቸው መለሱት። ሰው ሊወድቅ መሆኑን ቀድሞ ማወቅ ይቻላል ብለው ያስተማሯት እሳቸው ነበሩ። ከበላይ ይልቅ በእሳቸው ተናደደች።

በማግስቱ እንግዶቹ በላንድሮቨር መጡ። በላይ ንግግር አደረገ፤ ቦዩ ከዕቅድ በላይ መቆፈሩን፣ አንዲት ልጅ ብቻ በሕመሟ ምክንያት መውደቋን ተናገረ። ከእንግዶቹ አንዱ የካርቶኑን ሠንጠረዥ አይተው «ይኼ ምንድነው?» ብለው ጠየቁ።

«የሙቀት መለኪያ ነው፤ ቴርሞሜትሩ ተሰብሯል» አለ በላይ።

«አልተሰበረም ነበር» አለች ዘይና ከሰልፉ መሀል። «አሻ ከመውደቋ በፊት ቀይ ነበር። ለጓድ በላይ ሁለት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። አሻም አልታመመችም።»

መምህሩ ካቀረቀሩበት ቀና አላሉም። ጠያቂው እንግዳ ሰዓታቸውን አዩና «ይጣራል» ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ። በላይ አካፋ አንስቶ ለዘይና ወረወረላት። «ከዛሬ ጀምሮ ቁፋሮ ነሽ። ስለ ፈተናው ደግሞ እንነጋገራለን።»

ቆፈረች። ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ ረግረጉ እንደ ትናንቱ ማፈን ጀመረ። አጠገቧ ቃሲም እንደ ልማዱ ሲያወራ ቆየና ዝም አለ። ዘይና አየችው። አካፋው አንድ ቦታ ላይ ይወርዳል።

የራሷን አካፋ ቦዩ ግድግዳ ላይ አስደገፈች። የቃሲምን ተቀበለችውና ከጎኑ አቆመችው።

«ና» አለችው።

«በላይ ያየናል።»

«ይየን።»

ክንዱን ይዛ አወጣችው። ከኋላዋ ስሟ ሲጠራ ሰማች፣ አልዞረችም። ግራሩ ጥላ ሥር ደርሳ አስቀመጠችው፤ ውኃ በጣሳ ቀዳችለትና አጠገቡ ተቀመጠች። ከቦዩ ሁለት ሴት ልጆች አካፋቸውን እንደያዙ ያዩዋቸዋል። ዘይና ለእነሱ ቦታ እንዲሆን ጠጋ አለች።