ውሃ የሚገባበት ጥግ

አቶ ወርቅአፈራሁ ሰኞ አመሻሹ ላይ ሞተው የተገኙት በገዛ ላዳቸው ውስጥ፣ ሾፌር ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ነው። ልጃቸው ሰብለወንጌል ከሥራ ስትመለስ ጓሮ ያለው የቆርቆሮ ቤት በሩ ተዘግቶ፣ ከውስጥ ሞተር ሲያጉረመርም ሰማች። በሩን ስትከፍት ጭስ ተቀበላት። የመኪናው በሮች በሙሉ ዙሪያቸውን በቡናማ ፕላስተር ታሽገው ነበር።

የመጣው ፖሊስ ወጣት ነው። ጭሱን አየ፣ ፕላስተሩን አየ፣ ሬሳውን አየና «ራሳቸውን አጥፍተዋል» አለ። በአንዲት ዓረፍተ ነገር የራሱን ሥራ ጨርሶ የቤተሰቡን መከራ ጀመረ። ወሬው ሳይነጋ ጠመንጃ ያዥ ሰፈርን አዳርሶ ደብሩ ደረሰ። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጾሙና ሲቆርቡ የኖሩት ሰው ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያለ ጸሎት፣ ከደብራቸው ቅጥር ውጭ ሊቀበሩ ሆነ።

ሰብለወንጌል ማክሰኞን ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ዋለች። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ኢንስፔክተር ማናለብሽን ለነገሩ ያነሳሳት ይኸው ዝምታ ነው። ማናለብሽ ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ አጠር ያለች፣ ትንሽ ተናግራ ብዙ የምትሰማ ሴት ናት። ረቡዕ ጠዋት መጥታ ከቆርቆሮው ቤት ገባች።

«በሩን እንዴት ከፈትሽው?» ብላ ወደ ላዳው አመለከተች።

«ፕላስተሩን ቀድጄ።»

«ከየት በኩል ነበር የተለጠፈው?»

«ከውጭ ነዋ። ባይሆን በምን እቀደው ነበር?»

ወጣቱ ፖሊስ ይህንኑ ቃል ሰኞ ማታ ተቀብሏታል። ጽፎታል፤ አላነበበውም።

«አባትሽ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰው ናቸው?»

«አላውቅም» አለች ሰብለወንጌል ድንዝዝ ብላ። «ምንም ነገር አይሰማኝም። አባባ ያለ ፍትሐት ሊቀበሩ ሰዓታት ናቸው የቀሩት፤ እኔ የማስበው ድንኳን ውስጥ ወንበር አነሰ ወይስ በቃ እያልኩ ነው። ራሳቸውን ካላጠፉ ግን ማወቅ አለብኝ። ዛሬ።»

ማናለብሽ መኪናውን ዞረችው። የፊት መስታወቱ ዙሪያ ነጭ ነገር ፈስሶ ደርቋል። በጣቷ ነካችና አሸተተችው፤ ሳሙና ነው። የማራገቢያው መክፈቻ እስከ ጥግ ተገፍቷል። በሾፌሩ እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ርጥብ ነው። ከግድግዳው ላይ ደግሞ አንድ ባልዲ ንጹሕ ሆኖ ተሰቅሏል።

በመጀመሪያ ያነጋገረችው የሟቹን የአርባ ዓመት ወዳጅ መካኒኩን ጃርሶን ነው።

«ይህ ላዳ ዝናብ ያስገባል» አለ ጃርሶ። «ሁለት ዓመት ፈለግኩት። የሚረጥበው ሾፌሩ ጋ ነው፤ በግራ በኩል ያለውን የመስታወቱን ጎሚኒ ሦስት ጊዜ ቀየርኩለት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ባለፈው ሳምንት ወርቅአፈራሁ ‹አንተ አሮጌ፣ ሥራው ጠፍቶሃል› ብሎኝ ተኳረፍን። እንደተኳረፍን ሞተ።»

«በሳሙና ሞክራችሁ ነበር?»

ጃርሶ ቀና ብሎ አያት። «ልንሞክር ተቀጣጥረን ነው የተጣላነው። መስኮቱ ይዘጋል፤ አየር በበሮቹ እንዳይሾልክ ዙሪያቸው በፕላስተር ይታሸጋል። አንዱ ውስጥ ሆኖ ማራገቢያውን እስከ ጥግ ይለቃል። ሌላው ከውጭ በመስታወቱ ዙሪያ የሳሙና ውሃ ይቀባል። አየር የሚወጣበት ቦታ አረፋ ይነፋል፤ ውሃም የሚገባው በዚያው ነው።»

«ሞተሩ የግድ መነሳት አለበት?»

«የሱ ባትሪ ደክሟል፤ ሞተር ካልተነሳ ማራገቢያው አይነፍስም። ግን እኮ ሜዳ ላይ ነው የሚሠራው! ማራገቢያው የውጭውን አየር ነው ወደ መኪናው የሚስበው፤ ጭስ ካለ ጭሱን። ሞተር እየሠራ የቤት በር የሚዘጋ መካኒክ እኔ አላውቅም።» ቡናማውን ፕላስተር በጥፍሩ ላጥ ሲያደርገው ሰማያዊ ቀለም ይዞ ተነሳ። «ይሄ የካርቶን ነው። እኛ መኪና ላይ የወረቀቱን ነው የምንለጥፈው።»

የካርቶን ፕላስተር ያላት ዘይቱና ናት። የግቢውን የፊት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር የልጆች ልብስ ትሸጣለች።

«የኔን ይመስላል» አለች ፕላስተሩን አይታ። «የማንኛውንም ነጋዴ ይመስላል። በላዳው ጭስ ተጣልተናል፤ አልዋሽም። ምጥ ይዞኝ ሐኪም ቤት ያደረሱኝም ግን በዚሁ ላዳ ነው።»

«ሰኞ እዚህ ነበሩ?»

«አስር ሰዓት ላይ መጥቼ፣ ዕቃ አንስቼ በዝናቡ ወደ ሱቅ ተመለስኩ። ጋሼን ሰምቻቸዋለሁ። ‹ወጣ? አሁንስ ወጣ?› ይላሉ። ስልክ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። መልስ አልሰማሁም፤ ቆርቆሮው ይጮሃል።»

የቀረው ዮፍታሔ ነው፤ የሟቹ ወንድ ልጅ። ተክለ ሃይማኖት አጠገብ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አለው። ለቅሶ ደራሹን ተቀብሎ ሲያበቃ ማናለብሽ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደችው።

«ሰኞ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ሱቅ። እስከ ለቅሶው ድረስ እዚህ ግቢ ከረገጥኩ ሁለት ወር አልፎኝ ነበር።»

«ምን ሆነህ?»

«ዓይንዎ ደክሟል፣ መንዳቱ ይብቃዎት ብላቸው ተቆጡ። እኔም ወጣሁ። በዚህ መኪና ያላዩት የለም! ለአንዲት የቀኝ ጥግ ቀዳዳ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቱን በጠበጡት።»

«ፍትሐቱስ?»

«ሥርዓት ነው፤ ምን ይደረጋል። በዝምታ ቢያልቅ ይሻላል» አለ ዮፍታሔ። ድምፁ ውስጥ ሐዘንም ቁጣም አልነበረም፤ የሌላ ሰው ወረቀት የሚያነብ ይመስል ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ ማናለብሽ አራቱንም ከቆርቆሮው ቤት ሰበሰበቻቸው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የሳሙና ውሃ የሞላ ባልዲና የቀለም ብሩሽ ይዛለች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለች። «ከፕላስተሩ ልነሳ። የተለጠፈው ከውጭ ነው። ውስጥ የተቀመጠ ሰው የገዛ በሩን ከውጭ አያሽግም። ስለዚህ ሌላ ሰው ነበረ። ሳሙናው መስታወቱ ላይ ደርቋል፤ ባልዲው ግን ታጥቦ ተሰቅሏል። የሞተ ሰው ባልዲ አያጥብም። አቶ ወርቅአፈራሁ ‹ወጣ?› ሲሉ የነበረው ስልክ ላይ አይደለም፤ አረፋው ወጣ ወይ እያሉ ነው። ሞት ሲፈልጉ አልነበረም፤ ቀዳዳ ሲፈልጉ ነበር።»

ሰብለወንጌል ግድግዳውን ተደገፈች።

«ማን ነው ያገዛቸው?» አለች ማናለብሽ። «መካኒክ አይደለም። መካኒክ ቀለም የሚልጥ ፕላስተር አይለጥፍም፣ በርም አይዘጋም። የካርቶን ፕላስተር ያላቸው ሁለት ነጋዴዎች ናቸው። ከሁለቱ ማን እንደሆነ መኪናው ይንገረን። ጋሽ ጃርሶ፣ ይግቡና ያስነሱት።»

ጃርሶ ገብቶ ማራገቢያውን ለቀቀው። ማናለብሽ ከግራ ጀምራ ሳሙናውን ቀባች። በግራ ምንም የለም። ከላይም የለም። ከታች በቀኝ ጥግ ስትደርስ አረፋው ተነፋ፤ ፈነዳ፤ ደግሞ ተነፋ።

ጃርሶ ሞተሩን አጥፍቶ ዘሎ ወረደ። «ቀኝ ነው! በቀኝ ገብቶ በዳሽቦርዱ ሥር እየሄደ ሾፌሩ ጋ ሲወርድ፣ እኔ ሁለት ዓመት ግራውን ስቆፍር!»

«ሰብለወንጌል፣ አንቺስ ቀዳዳው የት ይመስልሽ ነበር?»

«በግራ። አባባ ሁልጊዜ ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት የግራውን ምንጣፍ ነው።»

«ወይዘሮ ዘይቱና?»

«እኔ ጭሱን እንጂ ሌላውን የት አውቄ።»

«ዮፍታሔ» አለች ማናለብሽ ዝግ ብላ፣ «አንተ ግን ጠዋት ‹የቀኝ ጥግ› አልከኝ። መካኒኩ ያላወቀውን፣ አባትህም እስከ ሰኞ ያላወቁትን። ይህን ጥግ የሚያውቅ ሰኞ እዚህ ቆሞ አረፋው ሲነፋ ያየ ብቻ ነው።»

ዮፍታሔ አልካደም። መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ።

«ሰኞ ደወሉልኝ። ‹ኩርፊያው ይብቃ፣ ና አግዘኝ› አሉኝ። ፕላስተሩን ከሱቅ ይዤ መጣሁ። አረፋው ሲነፋ ‹ወጣ!› ብዬ ጮህኩ፤ ሳቁ። ሌላ ቀዳዳ ካለ ዙሪያውን እንጨርስ አሉኝ። ዝናቡ በቆርቆሮው ቤት በር እየገባ ሳሙናውን አጠበብኝና በሩን ዘጋሁት። እኔ ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ? ከዚያ ስልክ ተደወለልኝ። ጓደኛዬ ነው፤ ስለ ኳስ። ድምፁ እንዲሰማኝ ከግቢ ወጥቼ ደጃፉ ጥግ ተጠለልኩ።»

«ምን ያህል አወራህ?»

«አርባ ደቂቃ።»

«ስትመለስስ?»

«ጭስ ነበር። በጎን መስታወት አየኋቸው፤ አንገታቸው ወድቋል። ጠራኋቸው። ባልዲውን አጠብኩ። ለምን እንዳጠብኩት አላውቅም። ከዚያ በሩን መልሼ ዘጋሁት።»

«ትንፋሽ ነበራቸው?»

«አላየሁም» አለ ዮፍታሔ። «ፖሊሱ ራሳቸውን አጠፉ ሲል ዝም አልኩ። አንድ ቀን ዝም ካልኩ በኋላ መናገር አቃተኝ።»

ጃርሶ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ዘይቱና ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ሰብለወንጌል ግን ሰዓቷን አየች።

«ስምንት ሊሆን ነው» አለች። «ለንስሐ አባታችን እኔ አልነግራቸውም። አንተ ትነግራቸዋለህ።»

ማናለብሽ እጁን ሳታስር ደብሩ ድረስ አብራው ሄደች። የንስሐ አባቱ ቄስ ቃለሕይወት ከቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ቆመው ሰሟቸው።

«ራሳቸውን እንዳላጠፉ የሚመሰክር ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ዮፍታሔ።

«በምን አወቅህ?»

«በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ አባ። ሁለት ጊዜ።»

ቄሱ ዲያቆናቱን ለፍትሐት ሰብስቡ ብለው ላኩ።

ማናለብሽ ካቴናውን ከኪሷ አወጣችና ወደ ሰብለወንጌል ዞረች። «አሁን ልወስደው እችላለሁ። ወይም ቀብሩ ካለቀ በኋላ። እንዳልሽ።»

ሰብለወንጌል ወንድሟን አየችው። ልትጠላው ሞከረች፤ ልታዝንለትም ሞከረች፤ ሁለቱም አልመጡላትም።

«ቀብሩ ላይ ይቁም» አለች። «አባባ የጠሩት እሱን ነው።»