አራት ሕግና አንዲት ድመት

«ኧረ ይቺን ስሙልኝ!» አለ ወዳጆ። ከክፍሉ በር ጀርባ የተለጠፈውን አዲስ ወረቀት በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ አነበበ። «‹አዋጅ ነጋሪዋ በአንዲት ባልቴት ደጅ ስታልፍ ቆጡ ሲንቋቋ ሰማች። ባልቴቷም ደንግጣ ወደ ላይ አንጋጠጠችና፦ ውረጅ አንቺ ድመት! አለች። ድመቷ ግን እህ እህ ብላ እንደ ሰው ሳለች።›»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይመኙሻል ብቻ አልሳቀችም።

ጨዋታው የዘጠነኛ ክፍሎች ነው። በካርታ ላይ የሌለ፣ «የጉም አገር» ያሉት አገር ፈጥረዋል። እያንዳንዱ ተማሪ እዚያ አገር የራሱ ሰው አለው፦ ወዳጆ ሽፍታ፣ ኮከቤ አዋጅ ነጋሪ፣ ይመኙሻል ወጌሻ። ተራው የደረሰ ተማሪ የራሱን ሰው የገጠመውን ይጽፍና በዱቄት ሙጫ በሩ ጀርባ ይለጥፋል፤ ቀጣዩ ከዚያ ይቀጥላል። መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ ሁሉ የአህያ ገበያ ሆኖ ነበር። ወዳጆ በአንድ ወረቀት የአገሩን ሕዝብ እኩሌታ ገድሎ ቁጭ አለ፤ ሰዎቻቸው የሞቱባቸውም ሊደበድቡት ተነሡ።

ያኔ ነው ይመኙሻል ሕግ ያወጣችው። የሌላውን ሰው አታናግር፣ አታራምድ። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ማንንም አትግደል። ከአንድ ገጽ ያነሰ አይለጠፍም፤ «ሄደ፣ መጣ፣ ተኛ» ብሎ ጽሑፍ የለም። የተለጠፈ አይላጥም፣ የተሳሳተ በሚቀጥለው ወረቀት ያርም። ይህ የመጨረሻው የመጣው ሙጫው ሲላጥ የበሩን ቀለም ይዞ ስለሚነሣና ዳይሬክተሩ ስለተቆጡ ነው።

የድመቷን ወረቀት የጻፈችው ኮከቤ ናት። ድመቷ ደግሞ የይመኙሻል ወንድም ፈንታ ነው።

ፈንታ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ከተጠራ ወዲህ ከቆጥ አልወረደም። ብርዱ ደረቱ ገብቶ ያስለዋል። እንግዳ ባለበት ሲንቀሳቀስ እናቱ «ውረጅ አንቺ ድመት!» እያለች ትጮሃለች። ይመኙሻል ይህን ምስጢር ብቻዋን መሸከም ቢያቅታት ለአንድ ሰው ነገረች፤ ለኮከቤ። ኮከቤም ብናገር ጊዮርጊስ ይቅሰፈኝ ብላ ምላ ነበር።

«ይመኙ፣ እናትሽም እንዲሁ ይላሉ አይደል?» አለ ወዳጆ። «በአጥሩ በኩል እሰማቸዋለሁ። ድመት አላችሁ እንዴ?»

ወዳጆ ክፉ ልጅ አይደለም፤ አፉ ግን መዝጊያ የለውም። አባቱ ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር ናቸው።

«አለችን እንጂ! እናንተ ቤት አይጥ የለም?» አለች ይመኙሻል። ድመት የሚባል ነገር ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም።

በእረፍት ሰዓት ኮከቤን ከባሕር ዛፎቹ ሥር አገኘቻት።

«ለምን?»

«ምን አደረግሁ? የማንን ስም ጠራሁ?»

«ሳሉን ጻፍሽው፣ ኮከቤ። የእናቴን ቃል እንዳለ ገለበጥሽው።»

ኮከቤ መሬቱን በጫማዋ ጫፍ ቧጠጠች። «ያንቺ ሲለጠፍ ይንጋጋሉ። የኔን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? አንድ ቀን ቢስቁልኝ ምን አለበት?» ከዚያ ቀና አለች። «ደሞ የትኛውን ሕግሽን ጣስኩ? የማንንም ሰው አላናገርኩ፣ አልገደልኩ። ገጹም ሙሉ ነው።»

እውነቷን ነው፤ ይመኙሻልን ያንገበገባትም ይኸው ነው። ለሽፍታው ሕግ አውጥታለች፣ ለሰነፉ ሕግ አውጥታለች። ለኮከቤ ሕግ ያስፈልጋል ብላ ግን አንድም ቀን አላሰበችም። ጠላት ቢሆን ተሳድባ ይወጣላት ነበር። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከአንድ ኪስ ቆሎ ከቆረጠመች ልጅ ጋር ምን ይባላል? ትታት ወደ ክፍል ተመለሰች።

ወረቀቱን ልትልጠው በሩ ጀርባ ቆመች። ግን ብትልጠው ሁሉም «ለምን ላጠችው?» ይላል፤ ወዳጆ ደግሞ መጀመሪያ ይላል። ስለዚህ በታሪክ ክፍለ ጊዜ አቀርቅራ የራሷን ጻፈች። ወጌሻዋ ባልቴቷ ቤት ተጠራች፤ ቆጥ ላይ ወጣች፤ ከድመቷ ጉሮሮ የተሰነቀረ የዶሮ አጥንት አወጣች፤ ድመቷም ስታመሰግን ቧጨረቻት። ሲለጠፍ ተማሪው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከጻፈቻቸው ሁሉ ያማረው እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ እሷ ግን ጠላችው።

ቤት እንደገባች ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት።

«ለማን ነው የተናገርሽ?»

«ለኮከቤ ብቻ።»

«ብቻ አለች! ወይኔ ልጄን!» እናቷ መቀነቷን አጥብቃ ብድግ አለች። ለመንገድ በሶ መቋጠር ጀመረች።

ጉሙ ከተማውን ሲያለብሰው ፈንታ ወረደ። ብዙ ስለተኛ እግሩ ይንገዳገዳል። የሚሄደው ግሼ ነው፤ ራቤል አካባቢ ካሉ የእናቱ ዘመዶች ዘንድ፣ ያውም ገደል ለገደል። የሱፍ ባናውን ተከናነበና የእኅቱን ራስ ነካ አደረገ። «አታልቅሺ፤ ድመትነቱም ሰልችቶኝ ነበር» አላት። ስሎ ወጣ። ሳሉ ከአጥሩ ወዲያም ለጥቂት ጊዜ ይሰማ ነበር፤ ይመኙሻል በገዛ አፏ ያስወጣችው መሰላት። እናም ኮከቤን አምርራ ጠላቻት።

በማግስቱ ጠዋት ደጁ ተንኳኳ። ኮከቤ ናት፤ ነጠላዋ ውስጥ የሆነ ነገር ይንፈራገጣል።

«የኛዋ ድመት ናት» አለች። ዓይኗ አባብጧል። «ወዳጆ ምናልባት ቢመጣ ብዬ… እናቴን ጠፋች ብያታለሁ። ይመኙ፣ አፈር ልብላልሽ፣ ይቅር በይኝ።»

ይመኙሻል ድመቷን ተቀበለቻት። ድመቷ ታስፈልጋለች። የኮከቤም እንባ የውሸት አልነበረም፤ ያንን ታውቃለች።

ኮከቤ ወደ ቤቱ ውስጥ አጮለቀችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፈንታስ? ሳሉ ተሻለው?»

ራቤል የሚለው ስም የይመኙሻል ምላስ ጫፍ ላይ መጣ። ሆዷ ውስጥ ያለውን ለኮከቤ መዘርገፍ የለመደችው ነገር ነው።

«ፈንታ?» አለች። «ፈንታማ ደብረ ብርሃን አጎታችን ጋ ነው። ከሄደ ቆየ እኮ።»

እናቷ ለመንደሩ ሁሉ የምትናገረው ይህንኑ ነበር። ኮከቤም ይህ ለመንደሩ የተዘጋጀ ውሸት መሆኑን ታውቃለች። የተፈታ ነጠላዋን ቀስ ብላ አጣፋች።

«እሺ» አለች። «ደብዳቤ ስትጽፉለት ሰላም በሉልኝ።»