ያልተነቀለው ገመድ

ሙዚቃ አቀናባሪው ማጅራቱን ተመትቶ፣ ስቱዲዮው ውስጥ በኪቦርዱ ላይ እንደተደፋ ተገኘ። ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ ጮኻ ሰው በመጥራቷም ታሰረች። በስምንት ሰዓት ብቻዋን ገብታ ነበርና የፖሊስ አለቃው «መግደሏን አምና ትፈርምና መዝገቡ ይዘጋ» አለ።

«እጄን ብትቆርጡትም አይፈርምም» አለች ሴትዮዋ።

መርማሪዋ እልኋን ወደደችላት። እሷም ብትሆን የያዘችውን ነገር እንኳን አለቃ ሰይጣንም አያስለቅቃትም።

የስቱዲዮውን ኮምፒውተሮች የሚይዘው የሟቹ የእህት ልጅ መልሱን አዘጋጅቶ ጠበቃት።

«በሰባት ሰዓት ስወጣ አጎቴ ደህና ነበር። ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ሊኑክስ የመዘገበውን ይዩ፤ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ኪቦርዱ ጠፍቶ እንደገና ተገኝቷል። አጎቴ ገመዱን ነቅሎ ሰክቶታል ማለት ነው። እኔ ያኔ ካፌ ነበርኩ።»

ስቱዲዮው ውስጥ የምትቀዳ አንዲት ዘፋኝም መሰከረችለት። «አብረን ነበርን። እንዲያውም ስምንት ሰዓት ላይ ‹አንዴ› ብሎኝ ላፕቶፑ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ።»

መርማሪዋ ጠረጴዛው ስር ገብታ ተንበረከከች። የኪቦርዱ ገመድ ከኮምፒውተሩ ማስገቢያ ጋር በፕላስተር ተጠፍሯል፤ ፕላስተሩ ደርቆ አቧራ ጋግሮበታል።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም፣ የታሰረችውን ሴትዮም ጨምራ፣ እዚያው ስቱዲዮ ሰበሰበች።

«ይህ ፕላስተር ከወራት ወዲህ አልተነካም» አለች። «ታዲያ ገመዱን ማን ነቀለው? ማንም። እዩ።»

የኮምፒውተር ባለሙያው ያሳያትን ትእዛዝ ጻፈች። የኪቦርዱ ስም ከስክሪኑ ጠፋና ተመልሶ መጣ። ገመዱን የነካ የለም።

ወደ እህት ልጁ ዞረች። «ኪቦርዱ ሳይነቀል ሊኑክስ እንደገና እንዲያውቀው በትእዛዝ ይደረጋል፤ ከሩቅም ይቻላል። መዝገቡ እንደሚያሳየው የስምንት ሰዓቱ ትእዛዝ የመጣው ካንተ ላፕቶፕ ነው። በሰባት ሰዓት ገደልከው፤ እኚህ እናት በስምንት ለጽዳት እንደሚገቡ ስለምታውቅ ሟቹን በኮምፒውተሩ መዝገብ አንድ ሰዓት በሕይወት አቆየኸው።»

የእህት ልጅ አላቀረቀረም። «አሥር ዓመት ዜማውን ያቀናበርኩት እኔ፣ ስሙን የጻፈበት እሱ። አልጸጸትም።»

ወሰዱት። አለቃው ጉሮሮውን ጠራረገ። «በቃ እናቴ፣ በጓሮ በር መኪና ቆሟል፤ ቤትዎ ያደርስዎታል።»

ሴትዮዋ ንቅንቅ አላለችም።

«በጓሮ? ስታስሩኝ በፊት በር ነው፣ ጎረቤት እያየ። ስትፈቱኝም በፊት በር ነው። አንተም ከፊቴ እየሄድክ ‹አልገደለችም› ትላለህ፤ ሁሉም እስኪሰማ።»

አለቃው ወደ መርማሪዋ ዞረ። እሷ የፊቱን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ይዛለታለች።