አልመለስ ያለችው ነጭ ኳስ

በባዕዷ የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር በሚገኘው የዓብዱሰመድ ፑል ቤት ስደተኛው ዮሳዲቅ ማጅራቱን ተመትቶ ጠረጴዛው ሥር ተደፍቷል። አጠገቡ ኳስ የሚመታበት እንጨት፣ የገዛ ስቴካው ወድቋል፤ ወፍራሙ ጫፍ ደም ነክቶታል። ምሳ ይዛለት የመጣችው እጮኛው ትርንጎ ሬሳውን አቅፋ ስትጮኽ ተገኘች፤ ፖሊሱም ልብሷ ላይ ደም አየና ካቴና አጠለቀላት። የሰው ቤት ሠራተኛ፣ ያውም የባዕድ አገር ሰው! እሷን ማሰር ምን ያስቸግራል? ገዳዩ ካልተገኘ ወህኒ መውረዷ ነው።

መርማሪዋ ሀጀራ ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ልቅም ያለ ነው። መጀመሪያ የፑል ቤቱን ባለቤት ዓብዱሰመድን ጠየቀች።

«የት ነበርክ?»

«ጫት ልቀበል ወጥቼ፤ ሰፈሩ ሁሉ አይቶኛል። ጫት ሊገባ ሲል ጨዋታ ይቆማል። ተጫዋቾቹም ስቴካቸውን ለሁለት ፈትተው ይወለውላሉ። በዚህ ወበቅ እንጨቱ እጅ ላይ እየተጣበቀ ያስቸግራላ!»

ቀጥሎ የትርንጎ ታናሽ ወንድም፣ የሟችም ጓደኛ የሆነው ባንቲሁን እህቱን ሲያባብል ቆይቶ ቀረበ።

«እኔ ስወጣ ገና ጨዋታ ላይ ነበርን» አለ። «ዮሳዲቅ በዚሁ ስቴካ ነጯን ኳስ እየመታ ወደ ራሱ መልሶ እየሳበ ጉድ ሲሠራኝ ቆይቶ፣ በቃኝ ብዬ ወጣሁ።»

«እስቲ አንተም ሳባት።»

ባንቲሁን የሟቹን ስቴካ ይዞ መታ። ተንሸራተተበት። ደገመ፤ ነጯ ኳስ አልመለስ አለች። ሀጀራ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የራሱን ስቴካ ሰጠችው። በዚያ ሲመታ ኳሷ ተመልሳ መጣች።

ሀጀራ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበች።

«የሟቹ ስቴካ ቀጭን ጫፍ ላይ ያለው ቆዳ ደረቅና ልሙጥ ነው፤ ጠመኔ አይዝም፤ ኳስም አይስብም። የማን ነው?»

«የባንቲሁን ነው እንጂ!» አለ ዓብዱሰመድ። «ኳስ መበተን ስለሚወድ ደረቁን የለጠፍኩለት እኔ ነኝ። የዮሳዲቅ ለስላሳ ነበር።»

«ስቴካዎቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ቀጫጭን ግማሾቹ ተቀያይረዋል ማለት ነው» አለች ሀጀራ፤ የሟቹንም ስቴካ ፈታችው። በመጋጠሚያው ብሎን ጥርስ ውስጥ ደም ደርቋል። ወደ ባንቲሁን ዞረች። «ደሙ እዚህ የገባው ስቴካው ተፈትቶ ሳለ ነው። የተመታው በወፍራሙ ግማሽ ነው። ሁለቱ ስቴካዎች ተፈታተው ቢገኙ፣ ጨዋታው ካበቃ በኋላም አብረኸው እንደነበርክ ይታወቃል። ስለዚህ ሁለቱንም ገጠምክ፤ ግን በድንጋጤ አቀያየርካቸው። ትርንጎ ብትሆን የአንተን ስቴካ ገጥማ ግድግዳ ላይ ምን አሰቀላት?»

ባንቲሁን የያዘውን ስቴካ ጠረጴዛው ላይ ወረወረ።

«ባሕሩን አብረን ልንሻገር ነበር የመጣነው!» ብሎ ጮኸ። «ዮሳዲቅ ግን ‹እህትህን አግብቼ እዚሁ እቀራለሁ› አለኝ። እኔ ብቻዬን የት ልድረስ?»

ሀጀራ ካቴናውን ከትርንጎ እጅ ፈታች። ትርንጎ ግን ነፃ በመውጣቷ ደስ አላላትም። ወደ ወንድሟ ተጠግታ መዳፉን ገልብጣ አየችው።

«ቅድም ‹አለሁልሽ› እያልክ እንባዬን የጠረግከው በዚህ እጅህ ነው?» አለችው።