የማይኩ ቀይ መብራት

«የተከበራችሁ መንገደኞች፣ የመስመር አራት አውቶቡስ ሊነሳ ስለሆነ ቦታችሁን ያዙ። መልካም ጉዞ እንመኛለን» አለች እናቱ፣ ማር በሚያንጠባጥበው ድምፅዋ። ከዚያ የማይኩን ማጥፊያ በክርኗ ተጫነች። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ስትጠፋ ማሩም አብሮ ጠፋ።

«ለምን አልሄድክም?»

የመናኸሪያው ማስታወቂያ ክፍል በመስታወት የታጠረች ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት መተላለፊያ የላትም። ልጁ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ገርበብ ካለው በር ተለጥፎ ቆመ።

ጠቡ የሬዲዮ ጣቢያው ፈተና ያመጣው ነው። ጣቢያው ለታዳጊዎች ፕሮግራም አንባቢ ይፈልጋል። ከእናቱ ጋር የተማረች አንዲት ሴት አሁን እዚያ ትሠራለች፤ ሰው መለመን ሞት የሚመስላት እናቱ እሷን ለምና አስመዘገበችው። እሱ ግን በጣቢያው በር አልፎ ሄዶ ኳስ ሜዳ ዳር ተቀምጦ ዋለ። ሴትየዋ «ልጅሽ የት ገባ?» ብላ ስትደውል ጉድ ፈላ፤ እናቱም አሁኑኑ መናኸሪያ ድረስ እንዲመጣ አዘዘችው።

በእሱ ዕድሜ ሳለች የማታ ዜና አንባቢ እንደምትሆን ቆርጣ ነበር። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር ዘርግታ መስታወት ፊት ታነብ እንደነበር ሺህ ጊዜ ነግራዋለች። እዚህ የገባችው ዜናው እስኪገኝ ለሦስት ወር ብላ ነው። ይኸው ልጇ አሥራ አምስት ዓመት ሞላው፣ እሷ አሁንም ስለጠፋ ሻንጣ ታነባለች። ያ ያረጀ ዕቅድ ለእሷ አልሆን ሲል አሳጥራ ለእሱ ልታለብሰው ነው። ትምህርት ቤት እንደሆነ ስሙ «መናኸሪያ» ከሆነ ቆይቷል፤ ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ሲያስፈቅድ እንኳ ከኋላ ወንበር አንዱ በእናቱ ድምፅ «መልካም ጉዞ እንመኛለን» ይለዋል።

«ምን መሆን እንደምፈልግ አላውቅም» አላት በመጨረሻ። «ያንቺን ግን አልፈልግም።»

እናቱ አፏን ስትከፍት አንድ ሠራተኛ በመስኮቱ ቀዳዳ ወረቀት አቀበላት። ማይኩን አበራችና ጥቁር ሻንጣ የጠፋበት ሰው ምልክቱን ተናግሮ እንዲወስድ በለሰለሰ ድምፅ አነበበች። ጨርሳ ወደ ልጇ ስትዞር ክርኗ ማጥፊያውን ስቶ ጠረጴዛውን መታ። ቀይዋ መብራት አልጠፋችም።

ልጁ መብራቷን አያት።

«የኔን? የኔ ምን ሆነና ነው የጠላኸው?» አለች እናቱ፣ ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ። ውጭ ፍራሽ የተሸከመ ሰውዬ ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ድምፅ ማጉያው አንጋጠጠ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «መብራቷ» ቢላት ያልቅ ነበር። ማይኩ ላይ የማይገባ ነገር የተናገረ ሠራተኛ እንደሚባረር ያውቃል፤ እዚሁ ወለል ላይ ተኝቶ ነው ያደገው። የቤታቸው ወጪ የሚሸፈነውም ከዚህች ወንበር ነው። ግን በልቡ፣ ይሳቁባት አለ። አንድ ቀን እንኳ እሷም ትቅመሰው። ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ።

«እዚህ ለመቀመጥ ያለምኩ ይመስልሃል? ሁለት መስመር አስተካክሎ መጻፍ የማይችል የስምሪት ኃላፊ፣ ያ ደንቆሮ፣ የሞነጫጨረውን እያቃናሁ ለመኖር?» ውጭ ሳቅ ፈነዳ። እሷ ግን ደሟ ፈልቶ ምንም አልሰማችም። «የሬዲዮውን ፈተና እኮ አልፌ ነበር። ድምፄን ወደውት ነበር። በመጨረሻው ቀን ሆዴ ገፍቶ ሲያዩኝ መለሱኝ። አንተን አይተው መለሱኝ። አንተ ደግሞ ሄደህ ኳስ ሜዳ ተጎለት።»

«አንተን አይተው መለሱኝ» የሚለው ሁለት ጊዜ ደረሰው፤ አንዴ ከአፏ፣ አንዴ ከውጭ ካለው ድምፅ ማጉያ። ሰው ሁሉ ሰማ። እጁን በትከሻዋ ላይ አሳልፎ ማጥፊያውን ተጫነ።

እናቱ መጀመሪያ ጣቱን፣ ቀጥሎ መብራቷን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ መስታወቱ ዞረች። መናኸሪያው በሙሉ ቆሞ ያያታል። ፊቷ አመድ መሰለ።

የስምሪት ኃላፊው በሩን በርግዶ ገባ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። ጉዳዩን ነገ ኮሚቴ እንደሚያየው ነገራትና ከወንበሩ አስነሳት። ውጭ የመስመር ስድስት ሾፌር ጥሩንባውን ያንባርቃል።

«አንተ አንብብ» አለው ልጁን፣ ወረቀቱን እያስጠጋለት። «ሥራውን ታውቀዋለህ። ማታ ማታ እንቀጥርህና አበል ታገኛለህ።»

ልጁ ነገሩ ገባው። እናቱን እስካሁን ያኖራት ከእሷ ሌላ የሚያነብ ሰው አለመኖሩ ነው። እሱ ካነበበ ነገ ኮሚቴው ለመሰብሰብም አይደክም። እናቱ ጫማዋን ጫማዋን ታያለች።

«አላነብም» አለ።

ኃላፊው ራሱ ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ስድስትን ዘጠኝ ብሎ ጠራ፤ ሕዝቡ ሻንጣውን እየጎተተ ወደተሳሳተው አውቶቡስ ሲጋፋ ሾፌሮቹ መሰዳደብ ጀመሩ። ወረቀቱን እናቱ ፊት ወረወረው።

«ለዛሬ ብቻ ነው» አላት። በሩ ላይ ደርሶ ዞረ። «እኔስ ብሆን ይህን ለመሆን ያሰብኩ መሰለሽ?» በሩን ሲያላትመው መስታወቱ ተንቀጠቀጠ።

እናቱ ተቀምጣ መስመር ስድስትን ጠራች። ድምፅዋ ቅንጣት አልተሰበረም። ማጥፊያውን በክርኗ ሳይሆን በጣቷ ተጫነች፤ ሁለቴ አረጋገጠች።

«ወደ ቤት ሂድ» አለች ሳታየው። ልጁ የበሩን እጀታ ያዘ። «እንኳንም መብራቷን ቶሎ አየሃት። ብዙ የምናገረው ነበረኝ።»

ሊወጣ ይችል ነበር። ኮሚቴውም ሆነ እናቱ ሌላ የሚያውቁት ነገር የለም። እጀታውን ለቀቀ። ቀይዋ መብራት መጥፋቷን አየ።

«እማ» አለ፣ «ገና አፍሽን ሳትከፍቺ ነው ያየኋት።»