የውርጭ ጠባቂዋ ገበቴ

ገዥው በተሾሙ በአራተኛው ዓመት፣ ጸደይ በገባ በሃያኛው ቀን ንጋት፣ በእርሻቸው የተዘራውን ላም አተር የተባለ እህል በሙሉ ውርጭ መታው። ሁለት ቅጠል ያወጣው ቡቃያ ረፋድ ላይ ጠቁሮ ተኛ፤ በጎተራውም ለዳግም ዘር የተረፈ ፍሬ አልነበረም፤ ስለዚህ ጥፋተኛ ተፈለገ፤ ቀትር ሳይሆን ተገኘ።

የተገኘችው ውርጭ ጠባቂዋ ናት። ሥራውን የወረሰችው ከአባቷ ነው፤ በእርሻው ዝቅተኛ ጥግ ውሃ የሞላ ገበቴ ይቀመጣል፤ ውሃው ዐሥር ጧት በተከታታይ በረዶ ሳይሠራ ካደረ "ዝሩ" ትላለች። ላም አተር ብርድ አይችልም፤ አንድ ክፉ ጧት ይበቃዋል። የምትኖርበት ቤት የሥራው ነውና፣ ጥፋቱ ከጸናባት ቤቱም አብሮ ይሄዳል።

ገበቴው ከነውሃው በመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቀረበ። ዳኛው መሀል፣ የእርሻ ሹሙ በስተቀኝ፣ ጸሐፊው በስተግራ ተቀመጡ፤ ጸሐፊው የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነው።

"እሜቴ ለጥ ብላ ታድራለች፤ ውርጩን እኛ እንጠብቅላት?" አለ የእርሻ ሹሙ።

"ጌታዬ፣" አለች ወደ ዳኛው ዞራ፣ "ዛሬ ጧት ከገበቴው አጠገብ ያለው የከብት ገንዳ በረዶ ጋግሯል፤ ገበቴው ግን ቅንጣት በረዶ የለውም። እንዴት ሆኖ?"

"እኔ ምን አውቄ!" አለ ሹሙ ቀድሞ።

ትክ ብላ አየችው። ከወር በፊት "ወገብሽን ያምሻል፤ ገበቴውን የእኔ ሰዎች ይሙሉልሽ" ብሏት አመስግናው ነበር፤ አሁን ምስጋናዋ ጎረበጣት። የገዥው እንግዶች ሲመጡ ማሳው ለምልሞ እንዲታይ የቸኮለው እሱ ነው፤ የከብት ጨው ያለበት ግምጃ ቤት ቁልፍ የሚንጠለጠለውም ከእሱ ወገብ ላይ ነው፤ ጨው የገባበት ውሃ ደግሞ ቶሎ በረዶ አይሠራም። በእርግጥ "ዝሩ" ከማለቷ በፊት አንድ ጧት ሣሩ ነጭ መስሏት ነበር፤ ዓይኗን ትታ ገበቴውን አመነች።

"ይቅመሱት፣ ጌታዬ።"

ዳኛው እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ። "ጸሐፊው ይቅመስ።"

ወንድሟ ጣቱን ነክሮ ምላሱ ላይ አደረገ። ፊቱ ጭምድድ አለ፤ ሹሙን አየ፤ ዋጠ።

"ውሃ ነው።"

"ምን ዓይነት ውሃ?" አለች እህቱ።

"ውሃ ነው አልኩ እኮ፣ እትዬ!" አለና ከማሰሮው ቀድቶ ሁለት ኩባያ አከታትሎ ጠጣ። ዳኛውም አዩት።

"ጻፍ፣" አሉት።

መዝገቡ ዛሬም ይነበባል፤ ጽሕፈቱ ያማረ ነው፤ "ላም አተሩ በውርጭ ጠባቂዋ ቸልተኝነት ጠፋ" ይላል። ስለ ጨው አንድ ቃል የለበትም፤ ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ዓመት የጻፉትም ሁሉ የገለበጡት ይህንኑ ነው።

ውርጭ ጠባቂዋ የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ወንድሟ ብዕሩን ሳያነሣ፣ "እትዬ፣ ልጆች አሉኝ" አለ በለሆሳስ።

"አውቃለሁ፤ ስማቸውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

ወጣች፤ በሩንም ዘጋችው።